የጎንደር ሐር እና የእንጆሪ ዛፍ

ክረምቱ እየመጣ ስለሆነ "ግቢዬ ውስጥ ምን ልትከል?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ዘንድሮ መልሴ አንድ ነው፤ እንጆሪ ትከሉ። የታሪክ አስተማሪ ስለ ችግኝ ምን አገባው እንዳትሉኝ፣ ነገሩ ታሪክ አለው።

እንጆሪ ስል በየቁጥቋጦው የምንለቅመውን እሾሃሙን አይደለም፣ ኬክ ላይ የሚቀመጠውንም አይደለም። ዛፉን ነው፣ ሞልበሪ የሚባለውን፣ የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላውን። ቤተሰቡ ከሾላና ከዋርካ ጋር አንድ ነው። ቅጠሉን ስትቀነጥሱት እንደነሱ ነጭ ወተት ያወጣል። ፋሲል መዋኛ ግንቡን በሥራቸው ጨምድደው የያዙት ዛፎችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

አሁን ወደ ታሪኩ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የሐር ንግድ በፋርሶች እጅ ነበር። የሮማው (የቢዛንታይኑ) ንጉሥ ዩስቲንያኖስ ከፋርስ ጋር እየተዋጋ ሐሩን ከዚያው ከጠላቱ መግዛት መረረው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ531 አካባቢ ወደ አክሱም፣ ወደኛው አፄ ካሌብ መልእክተኛ ላከ። "ሐሩን እናንተ ከሕንድ ገዝታችሁ ለኛ ሽጡልን፤ እናንተም ትከብራላችሁ፣ እኛም ገንዘባችንን ለጠላት አንሰጥም" ነው ነገሩ። ይህን የጻፈው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ነው። አልተሳካም። የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች በሚቆሙባቸው ወደቦች ቀድመው እየተገኙ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙት ነበር።

ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ግን መነኮሳት የሐር ትል እንቁላል ይዘው ቁስጥንጥንያ ገቡ። ቢዛንታይኖች ትሉን አረቡ፣ እንጆሪውን አበዙ፣ ቀስ በቀስም የራሳቸውን ሐር ማምረት ጀመሩ። እኛ ጋ የቀረው የነጋዴነቱ ሙከራ ብቻ ነው።

ከዚያ 1,200 ዓመት ያህል እንዝለልና ጎንደር እንግባ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ሐር በሐር ነበረች። ሐሩ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል በነጋዴ ቅፍለት ይመጣል። ቤተ መንግሥቱ ይለብሰዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ይጋረድበታል፣ ክርስቲያኑ ሰማያዊውን የሐር ክር ማተብ አድርጎ አንገቱ ላይ ያስረዋል። አስቡት፣ የእምነታችን ምልክት የሆነው ክር ራሱ በቅሎ ተጭኖ የሚመጣ የውጭ ዕቃ ነበር።

የጎንደር ዘመን ሸማኔዎች በዚህ ክር የሠሩት ሥራ ዛሬም ያስደንቃል። የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነው፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ። እንደ ተራ ሸማ የተሠራ አይደለም። ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች ክሩን እያሾሩ፣ የሰውን መልክ እዚያው ድሩ ላይ እያወጡ ነው የሸመኑት። በላዩ ላይ የሚታዩት አፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ ተመራማሪዎች።

የት ነው ያለው? ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም። አፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ወደ መቅደላ አጋዙ፤ በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) ደግሞ እንግሊዞች መቅደላን ዘርፈው ወሰዱት። ሌላ ተመሳሳይ መጋረጃ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ሙዚየም ውስጥ አለ። እኛ ልጆቻችንን ይዘን ሄደን "ይኸው የጎንደር እጅ" ብለን በቀላሉ የምናሳይበት ቦታ የለንም።

ዕቃው እንዲመለስ መጠየቅ ተገቢ ነው፣ እኔም እጠይቃለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ለራሳችን እናንሳ። ዕቃው ቢሄድ ሙያው ለምን አልቀረም? የኔ ግምት እንዲህ ነው። ሐሩን በብዛት የሚገዛው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዘመነ መሳፍንት መጥቶ ቤተ መንግሥቱ ሲደኸይ፣ ክሩን የሚገዛ ሲጠፋ፣ ሸማኔው በምን ልጁን ያስተምር? ጥጥ ግን ከራሳችን ቆላ ስለሚመጣ የጥጥ ሽመና እስከ ዛሬ አለ።

ዛሬ ነገሩ ትንሽ ተቀይሯል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሐር ትልን አጥንቶ ለገበሬዎች ሲያስተዋውቅ ቆይቷል። የጉሎ ቅጠል የሚበላ የሐር ትል ዓይነትም አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ሐር የሚሸምኑ አሉ። የእንጆሪው ትል ግን ከእንጆሪ ቅጠል ሌላ አፉ አይነካም፤ ራሱን ከሚጠቀልልበት ከአንዱ እንክብል ብዙ መቶ ሜትር ክር ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ዛፉ መኖር አለበት።

አተካከሉ ቀላል ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ 3 ወይም 4 ዐይን ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቁራጭ ከበሰለ ቅርንጫፍ ቁረጡ። ሰኔ ላይ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ አግቡት። ውኃ የሚቋጥር ቦታ አይስማማውም። ከግድግዳና ከውኃ ቧንቧ አርቁት፣ ሥሩ ይሄዳል። ፍየልና በግ ቅጠሉን ስለሚወዱት እስኪጠና እጠሩለት። በበጋ ግረዙት፣ ካልተገረዘ ሽቅብ ሄዶ ፍሬው ከእጅ ይርቃል። ጎንደር ከተማ ላይ ችግር የለም፤ ዳባትና ደባርቅ ያላችሁ ግን ከውርጭ ጠብቁት፣ ለጋውን ይመታዋል። ፍሬው ልብስ ያበላሻል፣ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ አትትከሉት።

ሐር ባይወጣለት እንኳ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፣ ቅጠሉ ለከብት ይሆናል። አንድ አስተማሪ ግን ልጆቹን ዛፉ ሥር ሰብስቦ ወደ ካሌብ የተላከውን መልእክተኛና የምንትዋብን መጋረጃ ቢያስተምርበት፣ ያ ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ የሚያዝ ይመስለኛል።

የአያቶቻችሁ የሐር ማተብ ቤታችሁ ካለ ፎቶውን ከሥር አስቀምጡልኝ። ቁራጭ የሚፈልግም ይጻፍልኝ፣ ያለው ለሌለው ይሰጣል።