የመቻል ዋጋ፦ ጆን ሄንሪ ከዋሻው እስከ ደም ግፊት መለኪያው

በአሜሪካ የሕዝብ ዘፈኖች ውስጥ እንደ ጆን ሄንሪ ብዙ የተዘፈነለት ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። ታሪኩ አጭር ነው። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ፣ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የቼሳፒክና ኦሃዮ የባቡር ሐዲድ የአፓላቺያን ተራሮችን እየበሳ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ጆን ሄንሪ የሚባል ጥቁር ሠራተኛ የብረት መሮ በመዶሻ እየመታ ድንጋዩን ይቦረቡራል፤ ቀዳዳው ውስጥ ፈንጂ ይገባል፤ ድንጋዩ ይፈርሳል፤ ዋሻው ጥቂት ክንድ ወደ ውስጥ ይገፋል። አንድ ቀን በእንፋሎት የሚሠራ መሰርሰሪያ መጣ። ጆን ሄንሪ ከማሽኑ ጋር ተወዳደረ፤ አሸነፈም። ከዚያ መዶሻውን እንደ ጨበጠ ወድቆ ሞተ።

ዘፈኑ በብዙ ዓይነት ይዘፈናል፤ ድሉን የሚያጎላ አለ፣ ሞቱን የሚያጎላም አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ይህ ስም ማንም ባልጠበቀው ቦታ ብቅ አለ፦ በሕክምና መጽሔት ላይ፣ ስለ ደም ብዛት በተጻፈ ጥናት ውስጥ። ስሙ እዚያ እንዴት እንደ ደረሰ መከታተል አንድ የቆየ ጥያቄን መከታተል ነው። ድሃና የተገፋ ሕዝብ ለምን ቀድሞ ይታመማል? ለምንስ ቀድሞ ይሞታል? ነገሩ ከደሙ ነው ወይስ ከኑሮው?

ከዋሻው እንጀምር። የታሪክ ምሁሩ ስኮት ኔልሰን በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዘፈኑ ጀርባ እውነተኛ ሰው አለ ብለው ይከራከራሉ፦ ጆን ዊልያም ሄንሪ፣ በስርቆት የአሥር ዓመት እስራት ተፈርዶበት ከቨርጂኒያ ወህኒ ቤት ለባቡር ሐዲዱ ሥራ የተከራየ ወጣት። በዚህ ሁሉም ምሁር አይስማማም። የኪራዩ ሥርዓት ግን እርግጥ ነው፤ ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላ የደቡብ ግዛቶች ጥቁር እስረኞችን ለባቡር ሐዲድ፣ ለማዕድንና ለእርሻ ያከራዩ ነበር። ኔልሰን ከመዶሻው ይልቅ አቧራውን ያያሉ። ድንጋይ ሲበሳና ሲፈነዳ የሚነሣው ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሳንባውም ጠባሳ እያበጀ እየደረቀ ይሄዳል። ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በእሳቸው አስተያየት ብዙዎቹ የዋሻ ሠራተኞች ያለቁት በዚህ ነው።

ይህ ክርክር ያለበት ታሪክ ነው ቢባል፣ ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በአጎራባቿ ዌስት ቨርጂኒያ የሆነው ግን በ1936 በአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ፊት በምስክሮች ቃል ተመዝግቧል። ከ1930 ጀምሮ ጎሊ ብሪጅ በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ሆክስ ኔስት በተባለ ቦታ፣ ለዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ውኃ የሚያልፍበት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ተቆፈረ። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስለ ነበር ሥራ ፍለጋ ከየቦታው ሰው ጎረፈ፤ ዋሻው ውስጥ የገቡት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ድንጋዩ ንጹሕ ሲሊካ ለመሆን የቀረበ ነው። ውኃ እየረጩ መሰርሰር አቧራውን እንደሚቀንስ በዚያን ጊዜም ይታወቃል፤ ግን ሥራ ያዘገያል። ስለዚህ በደረቁ ተሰረሰረ፤ ለሠራተኞቹም የአፍና የአፍንጫ መከላከያ አልተሰጠም። ብዙ ጊዜ ለመግደል ዓመታት የሚፈጀው በሽታ እዚያ በወራት ገደለ። ዶክተር ማርቲን ቸርኒያክ በ1986 ባሳተሙት ጥናት ሟቾቹ ቢያንስ 764 እንደሚሆኑ ገምተዋል። ገጣሚዋ ሙሪየል ሩካይዘር ቦታው ድረስ ሄደው አይተው፣ የምስክሮቹንም ቃል ተጠቅመው፣ በ1938 ረጅም ግጥም አሳትመውበታል።

ማን ወደ አቧራው እንደ ገባ፣ ለምንም እንደ ገባ ካልተጠየቀ፣ የሟቾቹ የቆዳ ቀለም ራሱ የሞቱ ምክንያት መስሎ ይታያል። እንዲህ ማሰብ ደግሞ በጊዜው እንደ ሳይንስ ይቆጠር ነበር። በ1896 የፕሩደንሻል ኢንሹራንስ ኩባንያ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የነበሩት ፍሬድሪክ ሆፍማን ባወጡት ወፍራም ጥናት፣ የጥቁር አሜሪካውያን የሞት መጠን ከፍ ያለው በዘራቸው ምክንያት ነው፣ ሕዝቡም ወደ መጥፋት እየሄደ ነው አሉ። መልስ ከሰጡት አንዱ ወጣቱ ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ ነበሩ። በ1899 ለታተመው መጽሐፋቸው የፊላደልፊያን የጥቁሮች ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ የክፍሉን ጥበት፣ የኪራዩን ውድነት፣ የሥራውን ዓይነት መዘገቡ። በ1906 በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥቁሮች ጤና ያዘጋጁት ጥናትም መደምደሚያው ግልጽ ነው፦ የሞት ልዩነቱ የኑሮ ልዩነት ነው፤ ኑሮው ሲሻሻል ልዩነቱ ይጠባል።

ይህ መልስ ቶሎ የሚሰማ ጆሮ አላገኘም። ሃያኛው ክፍለ ዘመን እየገፋ፣ የሳንባ ነቀርሳ ቦታውን ለደም ብዛት፣ ለስኳርና ለልብ በሽታ ሲለቅ፣ ነገሩን በደም የሚያሳብበው ማብራሪያ በሌላ ስም ተመለሰ። በ1980ዎቹ ከቀረቡት መላ ምቶች አንዱ፣ ከባሪያ መርከቦች በሕይወት የወረዱት ሰውነታቸው ጨው የሚያቆይላቸው ሰዎች ስለ ነበሩ የልጅ ልጆቻቸው ደም ብዛት ይይዛቸዋል የሚል ነበር። የባሪያ ንግድ ታሪክ ምሁሩ ፊሊፕ ከርቲን በ1992 ይህ በታሪክ ማስረጃ እንደማይደገፍ አሳዩ። በ1997 ደግሞ ሪቻርድ ኩፐርና ባልደረቦቻቸው የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች በሦስት ቦታ ለኩ። የደም ብዛት ያለበት ሰው በምዕራብ አፍሪካ 16 ከመቶ፣ በካሪቢያን ደሴቶች 26 ከመቶ፣ ቺካጎ አጠገብ ደግሞ 33 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። የዘር ግንዳቸው አንድ ነው፤ የሚኖሩት ኑሮ ግን ሦስት ነው። የእኛም ሰዎች ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1984 እና በ1991 በዘመቻ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ እዚያ ዓመታት እየቆዩ ሲሄዱ ግን በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት በዛ። ተራራ ወጥቶ መውረዱ ቀረ፣ ምግቡ ተለወጠ፣ ኑሮው ከሥሩ ተናወጠ፤ ደሙ ግን ያው ነው።

ታዲያ ኑሮ እንዴት አድርጎ ሰውነት ውስጥ ይገባል? አቧራስ በአፍንጫ ይገባል፤ መገፋት በምን ይገባል? የጆን ሄንሪ ስም የመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1978 የበሽታ ስርጭት አጥኚው ሸርማን ጄምስ በሰሜን ካሮላይና አንድ ጡረታ የወጡ ጥቁር ገበሬ አገኙ። ገበሬው በ1907 ከድሃ ጭሰኛ ቤተሰብ ተወለዱ። ማንበብና መጻፍን በራሳቸው ጥረት ተማሩ። በዚያ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ጭሰኛ ምርቱን ለባለ መሬቱ እያካፈለ፣ የተረፈውን ለዕዳ እየከፈለ፣ ብዙ ጊዜ ከዕዳ ሳይወጣ ይሞታል። እኒህ ሰው ግን ሌትና ቀን ሠርተው አርባ ዓመት ሲሞላቸው የ75 ኤከር (30 ሄክታር ገደማ) መሬት ባለቤት ሆኑ። ሃምሳዎቹን ሳይጨርሱ ደግሞ ደም ብዛት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የጨጓራ ቁስል ተረባረቡባቸው፤ ቁስሉ ከመክፋቱ የተነሣ 40 ከመቶው የጨጓራቸው ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣ። ስማቸው ጆን ሄንሪ ማርቲን ነበር።

ጄምስ ይህን ስም ከሰሙ በኋላ የዘፈኑን ሰው ማስታወሳቸው አይደንቅም። ከባድ እንቅፋትን በብርቱ ጥረት ለመርታት የመታገልን ጠባይ "ጆን ሄንሪነት" አሉት፤ በ12 አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች የሚለካ መጠይቅም አዘጋጁ። በ1987 ከኤጅኮም አውራጃ ባወጡት ጥናት፣ ይህ ጠባይ ጎልቶ ከታየባቸው ጥቁሮች መካከል ኑሯቸው ዝቅተኛ የሆነው ኑሯቸው የተሻለ ከሆነው ይልቅ ደም ብዛት ሦስት እጥፍ ገደማ ይበዛባቸው ነበር። ብዙ ያልታገሉት ዘንድ ግን በድሃና በባለ ኑሮ መካከል ይህን ያህል ልዩነት አልነበረም። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላመጡም፤ ጥያቄው ግን ቀርቷል። እንደ ልብ ምትና እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሰውነት ለአደጋ ጊዜ ያዘጋጃቸው ነገሮች በየቀኑ ሲጠሩ የደም ሥርን ያደክማሉ፣ ስኳርን ያውካሉ። አርሊን ጀሮኒመስ በ1992 ይህን ዕለት ዕለት መጎዳት ፀሐይና ዝናብ ድንጋይን ከሚሸረሽሩበት መንገድ ጋር አመሳሰሉት።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። በ1999 የወጣውና በአሜሪካ ላቦራቶሪዎች በሰፊው የተሠራበት የኩላሊት ስሌት፣ ጥቁር ሰው ጡንቻው ብዙ ነው በሚል ግምት የኩላሊቱን ሥራ ከፍ አድርጎ ያሳይ ነበር፤ በ2009 በተሻሻለው ቀመር ጭማሪው 16 ከመቶ ያህል ነው። ትናንት ከአዲስ አበባ ደርሶ ቅጹ ላይ "ጥቁር" በሚለው ሳጥን ምልክት ያደረገውም በዚሁ ተባዛለት። ኩላሊቱ ከሆነው በላይ ጤነኛ ሲመስል የንቅለ ተከላ ተራውም ይዘገያል። የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበራት ዘርን ከስሌቱ እንዲወጣ የመከሩት በ2021 ነው። ሆፍማን ከጻፉ 125 ዓመት ሆኖ ነበር።

አማርኛ "ቻለ" በሚለው አንድ ግሥ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ዐቅም ማግኘትንና መከራ መሸከምን። "መኪና መንዳት ይችላል" እና "ሁሉን ችሎ ኖረ" የምንለው በአንዱ ግሥ ነው። "ቻይ ናት" ሲባል ምርቃት ይመስላል። በዋሽንግተን ሁለት ፈረቃ ለሚሠራው፣ በሪያድ ወይም በቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ደመወዟን ለቤተሰቧ ለምትልከው፣ ክብራችንን የምንገልጸው በዚህ ቃል ነው። "ሆድ ይፍጀው" የምንለውም ለእነሱው ነው። የኤጅኮም ጥናት መታገል መጥፎ ነው አይልም። እየታገሉ ኑሮም የደገፋቸው ሰዎች የደም ብዛት ቁጥር እንዲያውም ከሁሉ ዝቅ ያለ ነበር። የሚጎዳው ዐቅም ሳይሰጥ መቻልን ብቻ የሚጠይቅ ኑሮ ነው።

በስደት ያለው ዕድራችን በአብዛኛው ለቀብር ይቆማል፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ለማሰባሰብ ማንም አይቀድመንም። ያው ገንዘብና ያው ጉልበት፣ ሰውየው በሕይወት እያለ፣ አንድ ፈረቃ እንዲተው ወይም ግፊቱን እንዲለካ ቢያግዘው ዕድር ከመሆን አይጎድልም። ለጆን ሄንሪ የተዘፈነለት ከወደቀ በኋላ ነው። ከእንግዲህ አንድን ሰው "ቻይ" ብለን ስናመሰግን፣ ምን ተሸክሞ እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚሸከመው አብረን ብንጠይቅ መልካም ነው።