ዘር የሌለው ሾላ

ኮምቦልቻ ያለው የአያቴ ግቢ ሲሸጥ ዋጋው ላይ ስንት ቀን ተከራከርን፤ ሾላውን ግን ማንም አላነሳውም። ገዢው ቤት ሊሠራበት ስለሆነ መቆረጡ አይቀርም። አያቴ ብቻ ጠጋ ብላ "አንተ ልጅ፣ ከእሱ አንድ እንጨት ቁረጥልኝ" አለችኝ። ኮድ ስጽፍ ነው የምውለው፤ ባክአፕ የሌለው ነገር ሲጠፋ እንዴት እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አራት ቆረጥኩ።

ደረቅ የሚመስል እንጨት ይጸድቅ እንደሆነ ላጣራ ማንበብ ጀምሬ ግብፅ ገባሁ።

ሾላ አበባውን የሚደብቀው ፍሬው ውስጥ ነው። እዚያ ገብታ የአበባውን ብናኝ የምታደርሰው አንዲት ጢንጥዬ ተርብ ናት። በእኛ አገር ተርቧ ስላለች ሾላ ዘር ይሰጣል፣ ወፍ ይበትንለታል፣ ወንዝ ዳር እንደልቡ ይበቅላል። በጥንቷ ግብፅ ዛፉ ነበረ፣ ተርቧ አልነበረችም። ፍሬ ያፈራል፤ የሚበቅል ዘር ግን አይሰጥም።

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ግብፆች የሬሳ ሣጥን የሠሩበት እንጨት፣ ሃቶርን "የሾላዋ እመቤት" ብለው የጠሩበት ዛፍ፣ በራሱ አልበቀለም ማለት ነው። እያንዳንዱን ቆርጦ የተከለ ሰው ነበረ። አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው፣ ከ3,300 ዓመታት በፊት የተሣለው የነባሙን መቃብር ሥዕል አንድ የጓሮ አትክልት ያሳያል፦ መሃል ላይ ዓሣ ያለበት ኩሬ፣ ዙሪያውን ተምርና ሾላ፣ ጥግ ላይ ከዛፉ ብቅ ያለች አምላክ ፍሬ ይዛ። ሰዎች አንድ ትውልድ መቁረጥና መትከል ቢያቆሙ ኖሮ ያረጁት ዛፎች ሲደርቁ ሾላ ከዚያ አገር አብሮ ይጠፋ ነበር። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ማንም አላቆመም። እኔ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት እንኳ የሚረከበኝ አጥቼ አውቃለሁ።

ፍሬውም ያለ ሰው እጅ አይሆንም። ገና ጥሬ እያለ በስለት ይጭሩታል፣ በአራተኛው ቀን ይበስላል፤ ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከ2,300 ዓመታት በፊት ጽፎታል። ቁስሉ ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ ያስወጣል፣ እሱ ነው የሚያበስለው። (የአሞጽ መጽሐፍ የግሪክ ትርጉም ነቢዩን ራሱን ሾላ የሚጭር ሰው ያደርገዋል።)

ወደ አራቱ እንጨቶች ልመለስ። ወተቱ እንዲደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አንዱን ዘቅዝቄ ተከልኩት፤ ላይና ታቹን ምልክት አላደረግኩም ነበር፣ ኢንጂነር ነኝ ባዩ። ሁለቱን ውሃ አብዝቼ አበሰበስኳቸው። አራተኛው በሰባተኛው ሳምንት ቅጠል አወጣ።

የድሮው ግቢ ሾላ በዚያው ወር ተቆረጠ። አያቴ ሄዳ አላየችም። በየጠዋቱ ፊቷን የታጠበችበትን ውሃ አዲሱ ላይ ታፈሳለች። አምስት ቅጠል አለው፤ ግድግዳው አጠገብ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ልናዛውረው ነው።