የቢቸናና የሞጣ መንገድ የትኛውን ሞተር ይመርጣል?

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሞተረኛ መጀመሪያ የሚፈተነው በፍሬኑ ነው። ቁልቁለቱ ከሺህ ሜትር በላይ ይዘልቃል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ያንኑ ያህል አቀበት ይጠብቀዋል። ደጀን ላይ የደብረ ማርቆስን መንገድ ትቶ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ቢቸናን፣ ቀጥሎም ሞጣን ያገኛል። የአውሮፓን ዕውቅ የረጅም ጉዞ ሞተሮች ለማወዳደር ከዚህ መንገድ የተሻለ ሚዛን የለም ብዬ አምናለሁ።

ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል።

ከታሪካችን ጋር በደም የተሳሰረው የጣሊያኑ ሞቶ ጉዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የመሥራቹ የካርሎ ጉዚ ወንድም ጁዜፔ የኋላ ሞላ በተገጠመለት አዲስ ሞተር እስከ ኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ተጓዘ፤ ሞተሩም «ኖርጌ» ተባለ። ለሽርሽር የተሠራው ያ ሞላ ብዙም ሳይቆይ ወታደር ተሸከመ። በ1928 ዓ.ም. በወረረን የጣሊያን ጦር ውስጥ የኖርጌ ዘር የሆነው ጂቲ 17 ነበር። አንድ የተጋደመ ሲሊንደር፣ 500 ሲሲ፣ 13 የፈረስ ጉልበት። ሞጣ ላይ አሥር ቢቀርለት ነው! ቢሆንም ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ተራ ቤንዚን የማይንቅ ጠንካራ ሞተር ነው።

የእንግሊዙ ትሪያምፍ ታይገር 100 በሌላ ምክንያት ይታወሳል። ጋዜጠኛው ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ከለንደን ተነሥቶ ዓለምን በአራት ዓመት ሲዞር በ1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ወደ ኬንያ አልፏል። ሞተሩ ዛሬ በኮቨንትሪ የትራንስፖርት ሙዚየም ተቀምጧል። ቀላልና ለመንዳት ደስ የሚል ነው፤ ግን የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ነው። ካቴና ደግሞ አቧራና የምሥራቅ ጎጃምን ጥቁር ጭቃ አይችልም፤ ቶሎ ይበላል፣ ይለጠጣል።

ጀርመኖች ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጡት ቢኤምደብሊው አር 32 አስቀርተውታል። ካቴናውን ትተው ጉልበቱን በተሸፈነ ዘንግ አስተላለፉ፤ ሁለቱን ሲሊንደሮችም ንፋስ እንዲመታቸው ግራና ቀኝ አወጧቸው። የዚህ ሐሳብ ፍሬ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አር 80 ጂ/ኤስ በማግስቱ ዓመት የፓሪስ–ዳካርን ውድድር አሸነፈ። የኋላ ጎማው የተያዘው በአንድ ክንድ ብቻ ስለሆነ ሦስት ብሎን ፈትቶ ማውለቅ ይቻላል። ከመካኒክ ርቆ ጎማ የፈነዳበት ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። ነቀፌታዬ አንድ ነው፤ ሞተሩ ሲወድቅ ድንጋዩን ቀድሞ የሚያገኘው ሲሊንደሩ ነው።

ስለዚህ ሞጣ ድረስ ልሂድበት የምለው ጂ/ኤሱን ነው። ለሰብሳቢ ግን ጂቲ 17ን አስቀድማለሁ። ቢቸና ጣሊያንን የተዋጋው የአርበኛው በላይ ዘለቀ አገር ናት፤ የወራሪው ሞተር በክብር መቆም ያለበት በሀብታም ሳሎን ሳይሆን ከአርበኞች ጠመንጃ አጠገብ ነው፤ ለምን እንደመጣ የሚናገር ጽሑፍም ሊለጠፍበት ይገባል።