ዜማን የሚከተል እጅ፤ የጎንደር አቋቋምና የከበሮ ሥርዐት

በቤተ መቅደስ የሚያገለግል የዜማ መሣሪያ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ይኸውም ድምፅን ይመራልን ወይስ ድምፅን ይከተላል? የሚል ነው። ንጉሡ ዳዊት ታቦተ ሕጉን ወደ ኢየሩሳሌም ባወጣ ጊዜ ኤማንን፥ አሳፍንና ኤታንን በናስ ጸናጽል ድምፅ እንዲያሰሙ እንደ ሾማቸው በዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል። የተሾሙትም መዘምራን ነበሩ እንጂ መሣሪያ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ጸናጽሉን የሚያሰማው እጅ መዝሙሩን በሚያውቅ ልብ ይገዛ ዘንድ ስለሚገባ ነው። ይህ ሥርዐት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደ ተጠበቀ ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ጎንደር ቢመለከት ብዙ ትምህርት ያገኛል።

ጎንደር በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻ ካደረጓት በኋላ እርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ነገሥታት በዙሪያዋ ብዙ አድባራትን ተከሉ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ አርባ አራቱ ታቦት እያለ ይጠራቸዋል። አድባራት ሲበዙ ካህናት በዙ፤ ካህናት ሲበዙም ትምህርት ቤት ጸና። ከትምህርት ቤቶቹም ሁሉ በአቋቋም ትምህርት ስሟ የገነነው በዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የተተከለችው በአታ ለማርያም ናት። ድጓን የሚሻ ተማሪ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕትን የሚሻ ወደ ዙር አምባ እንደሚሄድ ሁሉ፥ አቋቋምን አጠናቅቆ መምህር ለመሆን የሚሻ ሰው ወደ ጎንደር በአታ መሄዱ የታወቀ ልማድ ሆኖ ኖሯል።

የዜማው ምንጭ ግን ከጎንደር እጅግ የቀደመ ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ግእዝ፥ ዕዝል፥ ዓራራይ የተባሉትን ሦስት ዜማዎች እንደ ደረሰ ገድሉ ይናገራል። ንጉሡ ጦራቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ የጦሩ ጫፍ የያሬድን እግር ወጋው፤ ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ግን የወጋውም የተወጋውም አላወቁም ይባላል። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ዜማውን የሚያመለክቱትን ምልክቶች እንደ ሠሩ ይተረካል። ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቁርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ደረት እያሉ ካህናት የሚጠሯቸው እነዚህ ምልክቶች በፊደሉ ራስ ላይ ተጽፈው ድምፁ የሚወርድበትን፥ የሚወጣበትንና የሚያርፍበትን ስፍራ ያሳያሉ።

ነገር ግን ምልክቱ ለጕሮሮ የተጻፈ ነው እንጂ ለእጅና ለእግር አልተጻፈም። መቋሚያው በየትኛው ቃል ላይ እንደሚዘነበል፥ ጸናጽሉ መቼ እንደሚነሣ፥ ከበሮውም በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚመታ ተማሪው የሚማረው በመምህሩ ፊት ቆሞ፥ በዐይኑ አይቶ፥ በእግሩ ረግጦ ነው። አቋቋም የሚለው ስምም ከመቆም የወጣ ነው፤ ሰው በማኅሌት እንዴት ሊቆም እንደሚገባው የሚያስተምር ጥበብ ማለት ነው።

በማኅሌት ሌሊት ሥርዐቱ እንዲህ ይሄዳል። አንዱ ዜማ በመጀመሪያ በቁም ዜማ፥ ማለት ያለ አንዳች መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያ ብቻ ይዘው፥ ሰውነታቸውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዘነበሉ ያንኑ ዜማ ይደግሙታል። ከዚያ በኋላ በመረግድ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ መረግዱም ንኡስና ዐቢይ ተብሎ ይከፈላል። በመጨረሻ በጽፋት ጭብጨባ ተጨምሮበት ከበሮው ይፈጥናል፤ ደስታውም ይመላል። እንግዲህ ከበሮ በማኅሌት የሚሰማው ከሁሉ በኋላ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ቃሉ አስቀድሞ ባዶውን ይሰማል፤ ቀጥሎ ሰውነት ይቀበለዋል፤ መሣሪያው የሚጨመረው ሕዝቡ ዜማውን በልቡ ከያዘው በኋላ ነው። ለአጃቢ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አይገኝም።

ከበሮው ራሱ ከተቦረቦረ ግንድ ተሠርቶ በሁለቱ አፎቹ የበሬ ቆዳ የተወጠረበት፥ በጠፍርም የተጠላለፈ ነው። ሰፊው አፍ ወፍራም ድምፅ፥ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሊቃውንቱም ሰፊውን በመለኮት፥ ጠባቡን በትስብእት፥ ጠፍሩን ጌታ በተገረፈበት ግርፋት ሰንበር ይመስሉታል። ይህ ትርጓሜ ለከበሮ መቺው ጌጥ ብቻ አይደለም። የመድኀኔ ዓለምን ሕማም የሚያስታውስ ዕቃ በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው የእጁን ብልኀት ለማሳየት ሊቸኩል እንደማይገባው ያስጠነቅቀዋል።

ከበሮ መቺው በመካከል ቆሞ ሦስት ነገር ይጠብቃል። መጀመሪያው የመሪጌታው አፍ ነው፤ ዜማውን የሚያነሣ እርሱ ነውና። ሁለተኛው የቀኙና የግራው ወገን አንድነት ነው፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ወገኖቻቸውን ይዘው ሲቀባበሉ አንዱ ወገን ወደ ኋላ ቢቀር ከበሮ መቺው መጠበቅ ይገባዋል። ሦስተኛው የሽማግሌዎች ትንፋሽ ነው። ወጣት ከበሮ መቺ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጽፋት ሳይደርስ በመፍጠን ነው፤ ከበሮው በፈጠነ ጊዜ አረጋውያኑ ቃሉን ይቆርጣሉ፥ ርክርኩ ይጠፋል፥ ከዜማው የሚቀረው ጩኸት ብቻ ይሆናል። ደኅና ከበሮ መቺ ግን ድምፁ ሲደክም ምቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ድምፁ ሲበረታ አብሮ ይበረታል፤ ከመረግድ ወደ ጽፋት የሚያሻግረውን ስፍራ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሽግግሩ ለሰሚ ሳይታወቅ ይፈጸማል።

ይህ ችሎታ በአንድ ቀን አይገኝም። ተማሪው አስቀድሞ ድጓውን ይማራል፤ ዜማውን ያልያዘ ሰው ከበሮ ቢይዝ ዕውር መንገድ ቢመራ ማለት ነው። ቀጥሎ ከባልንጀሮቹ ጋር ሌሊት ያለ መጽሐፍ ይደግማል፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ያቃናለታል። ልምምዱም ሙሉውን ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመሮጥ አይደለም። አንድ ቃል ተይዞ በቁም፥ በዝማሜ፥ በመረግድ፥ በጽፋት ይመላለስበታል፤ ያ ሲጸና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። መምህሩም ስሕተቱን ከሰማበት ስፍራ አስቁሞ ከዚያው ያስጀምረዋል እንጂ ተማሪው የለመደውን ጥፋት ይዞ እንዲጨርስ አይፈቅድለትም።

ደግሞም ከበሮ መቺ ዝም የሚልበትን ጊዜ ማወቅ አለበት። በቅዳሴ ከበሮ አይመታም፤ ካህኑና ሕዝቡ በድምፅ ብቻ ይቀባበላሉ። በዐቢይ ጾም ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ዝማሜ ይባላል። ትንሣኤ ሲደርስ ከበሮው እንደገና ሲሰማ የምእመናን ልብ የሚደሰተው ያ ረጅም ዝምታ ስለ ቀደመው ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ሳይጻፍ ያስተላለፈች ጎንደር ግን ከጥፋት አልዳነችም። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማይቱን በዘበዙ፥ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ፤ ከየአድባራቱ የተወሰዱት ብዙ መጻሕፍትም ወደ መቅደላ ሄዱ። ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶ በጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደምቢያ ሳር ውሃ ድል ከሆኑ በኋላ ደርቡሾች ገብተው የተረፈውን አቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእሳቱ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። መጽሐፍ የተቃጠለበት ደብር ሌላ መጽሐፍ አስጽፎ ይተካል። አቋቋም ግን በብራና ላይ ስላልነበረ የመቃጠሉ ነገር ሌላ ነበር፤ መምህሩ ከተገደለ ወይም ከተሰደደ ትምህርቱ አብሮት ይሄዳል፥ መምህሩ ከዳነ ግን ትምህርቱ አንዲት ፊደል ሳይጐድል ይድናል። አቋቋም ከዚያ ዘመን ወዲህ መኖሩ በሕይወት የተረፉት መምህራን ፍሬ ነው።

በዚያው መቶ ዓመት በጎንደር ሊቃውንት መካከል ሌላ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በቀልዳቸው ስማቸው በአገሩ ሁሉ የሚነሣው አለቃ ገብረ ሐና በአቋቋምም ሊቅ ነበሩ። የጣና ባሕር ማዕበል ሲመላለስና በባሕሩ ዳር ያለው ሸምበቆ በነፋስ ሲዘነበል አይተው፥ የዝማሜውን አካሄድ በዚያው አምሳል አሻሽለው አዲስ ስልት እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ካህናት ግን ነባሩን ትተው አዲሱን ለመቀበል እንቢ አሉ። ልጃቸው ተክሌ ከአባታቸው ተምረው በደብረ ታቦር አስተማሩት፤ ስልቱም በስማቸው የተክሌ አቋቋም ተባለ። ዛሬ የጎንደሩና የተክሌው ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን የታወቁ ናቸው። ከዚህ ክርክር የሚገኘው ትምህርት እንዲህ ነው፤ አለቃ ገብረ ሐና የያሬድን ዜማ አልነኩትም። የለወጡት ሰውነት ዜማውን የሚከተልበትን መንገድ ነው። ስለዚህ የተቃወሟቸው ሰዎች ልጆች ሳይቀሩ በኋላ ሊቀበሉት ተቻለ፤ ዜማውን ራሱን ለውጠው ቢሆን ኖሮ መታረቂያ ባልተገኘ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ ጥያቄው በሌላ መልክ ተመለሰ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ መለከት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ በኖታ የተጻፈ ሙዚቃም በቤተ መንግሥት ይሰማ ጀመር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አስቀድሞ የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር በአዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር በጣልያን አገር ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላ በካይሮ ኮንቶሮቪች ከተባለ የፖላንድ ሰው ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓለምን ንቀው በወሎ ግሸን ማርያም መነኰሱ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ።

እኒህ መነኩሲት በ1950ዎቹ ዓመታት የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ወደ ጎንደር መጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የቆሎ ተማሪዎች በደጅ ተኝተው አዩ። ሌሊት የሚያዜሙት ልጆች ማደሪያ አልነበራቸውም። እማሆይም የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በእጃቸው ያለውን ጥበብ ሰጡ፤ በ1959 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር የፒያኖ ሸክላ አሳትመው ገቢውን ለድኾች አዋሉት። ኋላም በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ፒያኖ የያሬድን ዜማ ሙሉ በሙሉ ሊናገር አይችልም፤ ድምፁ በየጣቱ ስፍራ የተወሰነ ስለ ሆነ ጕሮሮ የሚያደርገውን ርክርክ አይሠራም። እማሆይም ፒያኖን ወደ ቅኔ ማኅሌት አላስገቡም፤ ከበሮውን ሊተኩበትም አልሞከሩም። ነገር ግን ሸክላቸውን ያደመጠ ሰው እጃቸው በሚቈጠር ምት ታስሮ እንደማይሄድ ያስተውላል፤ የሚዘምር ሰው ትንፋሽ እንደሚወስድ ያርፋል፥ ይዘገያል፥ ደግሞ ይነሣል። የውጭውን መሣሪያ የያዘች እጅ የአገሩን ዜማ ለመከተል ትሕትናን ስትማር እንዲህ ያለ ፍሬ ይገኛል።

እንግዲህ ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየመዘምራኑ ጉባኤ ከበሮም ሆነ በገና፥ መሰንቆም ሆነ ሌላ መሣሪያ ይዞ የሚያጅብ ወጣት ከጎንደር መምህራን የሚማረው ብዙ ነው። ቃሉን ሳይይዝ መሣሪያውን አያንሣ። መዘምራኑ ቃሉን በድምፅ ብቻ እስኪያጸኑት ይታገሥ። ዐይኑ ከመሪው አይለይ፤ ጆሮው ከደካማው ዘማሪ አይራቅ። የሳቱበትን ስፍራ ለይቶ በዚያው ይመላለስ። ጊዜው ሲሆን ደግሞ እጁን አጥፎ ዝም ይበል።

በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ቀሐ ዳር ወደ ዐፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ የብዙ አድባራት ማኅሌታውያን በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ፤ ከበሮውም ከየአቅጣጫው ይሰማል። በዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል እያንዳንዱ ከበሮ መቺ የራሱን ደብር ካህናት ድምፅ ለይቶ መከተል አለበት፤ የጎረቤቱ ከበሮ ቢጐላም ወደዚያ ሊሳብ አይገባውም። ይህን የሚያስችለው የክንዱ ጕልበት ሳይሆን በመምህሩ እግር ሥር ያሳለፈው ሌሊት ነው። ስለዚህ ማኅሌት እንዲኖር የሚወድ ምእመን ሁሉ ለከበሮው ጌጥ ከማሰብ አስቀድሞ ለመምህሩ መተዳደሪያ፥ ለተማሪውም ማደሪያ ቢያስብ ይገባዋል። በ1880 ዓ.ም. እሳት ያላጠፋውን ትምህርት ቸልተኝነት ሊያጠፋው ይችላልና።