ጉልህ የገበያ ኃይል

የቴሌኮም ተቆጣጣሪዎች «ሲግኒፊካንት ማርኬት ፓወር» የሚሉትን በአማርኛ «ጉልህ የገበያ ኃይል» ልንለው እንችላለን። አንድ ድርጅት ተፎካካሪውም፣ አብሮት የሚሠራውም፣ ደንበኛውም ምን ይላል ብሎ ሳይጨነቅ ዋጋና ውል የመወሰን አቅም ማለት ነው። ትልቅ መሆን በራሱ ጥፋት አይደለም። በንግድ ውድድር ሕግ የገበያ የበላይነቱን አላግባብ የተጠቀመ የሚጠየቀው ካጠፋ በኋላ ነው፤ ጉልህ የገበያ ኃይል አለው የተባለ ግን ገና ሳያጠፋ ተጨማሪ ግዴታ ይጣልበታል።

ምክንያቱ ከቴሌኮም አሠራር ይመነጫል። አንድ የጎንደር ነጋዴ ከሳፋሪኮም 07 ቁጥር ዳባት ወዳለ የኢትዮ ቴሌኮም 09 ቁጥር ሲደውል ጥሪው የሚደርሰው በተቀባዩ መረብ ስለሆነ ሳፋሪኮም የማገናኛ ሂሳብ ይከፍላል። በተቃራኒው ሲደወልም ከፋዩ ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ኢትዮ ቴሌኮም ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስለነበሩት የእሱ ሰዎች በአብዛኛው እርስ በርስ ይደዋወላሉ፤ የአዲሱ ኩባንያ ደንበኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላው መረብ መሻገሩ አይቀርም። ታሪፉ አንድ ሆኖ ሸክሙ ይለያያል።

ታወርም ላይ ነገሩ ያው ነው። ከደባርቅ አልፎ እስከ ሊማሊሞ ባለው ገደላማ አገር ሁለተኛ ታወር ለመትከል መንገድ፣ መብራትና ጥበቃ ያስፈልጋል። ቀድሞ የተከለው አላከራይም ካለ ወይም ኪራዩን ከሰቀለ ተፎካካሪው እዚያ ቀበሌ መድረስ ይከብደዋል።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ እዚህ ላይ ነው፦ የማገናኛ ዋጋው ከወጪ ጋር እንዲቀራረብ፣ ኪራዩና ውሉ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ማድረግ። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ሲያገኝ የተጫረተው ይህ ዳኝነት ይኖራል ብሎም ጭምር ነው። ዳኝነቱን የሚያከብደው ኢትዮ ቴሌኮም በአብዛኛው የመንግሥት፣ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት መሆናቸው ነው።

ጉልህ የገበያ ኃይል የሚለው ስያሜ ግን ለአንድ ድርጅት የወጣ ስድብ አይደለም። በኬንያ ትልቁ ራሱ ሳፋሪኮም ነው፤ ኤምፔሳ የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ወኪሎች ለሌላ ኩባንያ እንዳይሠሩ ያሰረበትን ውል የአገሩ የውድድር ባለሥልጣን በ2014 እ.ኤ.አ. አስነስቶበታል። እዚህ ታናሽ ሆኖ እኩል ውል የሚፈልገው እዚያ ታላቅ ሆኖ ተጠይቋል። ስለዚህ መመዘን ያለበት ኩባንያው በዚያ ገበያ የያዘው ቦታ ነው፤ ስሙ ወይም የመጣበት አገር አይደለም።