አድማጩን ማን አደመጠው?

በ1920ዎቹ አጋማሽ ቪየና ውስጥ ቴዎዶር ራይክ የሚባል ሰው ሐኪም ሳይሆን ሰው ያክማል ተብሎ ተከሰሰ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ራይክ ዶክትሬት ነበረው፤ ግን የሕክምና አይደለም፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ፈረንሳዊው ደራሲ ፍሎቤር ነበር። ሥራው ሳይኮአናሊስስ ነው፦ ሶፋ ላይ የተጋደመ ሰው ወደ አእምሮው የመጣውን ሁሉ ሳያጣራ ሲናገር ማድመጥ፣ ከዚያም ተናጋሪው ስለ ራሱ የማያውቀውን ነገር አብሮት መፈለግ። መርፌ አይወጋም፣ መድኃኒት አያዝም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ምን ሲማር ነው ፈቃድ የሚገባው?

እኔ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ነኝ። ወደዚህ ታሪክ ያመጣኝም ሥራዬ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ መሃል ማታ ማታ ጭንቀታቸውን ለቻትቦት የሚያወሩ አሉ። «ቢያንስ ይሰማኛል» ይላሉ። እኔ ደግሞ መስማት ሙያ ከሆነ ሥልጠናው ምንድን ነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ከጠበቅኩት በላይ ጠብ የበዛበት ሆኖ አገኘሁት።

ፍሮይድ ለራይክ ጥብቅና ቆመ። በ1926 ባሳተመው አነስ ያለች መጽሐፍ፣ ጉዳዩን ከማያውቅ ግን ቅን ከሆነ አንድ ምናባዊ ሰው ጋር ይከራከራል። ሰውየው ይኼ ነገር ከኑዛዜ በምን ይለያል የሚል ጥያቄ ያነሳል። የነፍስ አባት ባለበት አገር ያደገ አንባቢም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይኼንኑ ነው። የፍሮይድ መልስ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ተናዛዡ የሚያውቀውን ይናገራል፤ እዚህ ግን ሰው ከሚያውቀው በላይ እንዲናገር ነው የሚጠበቀው። ለዚህ የሕክምና ትምህርት ብቻውን አይበቃም። ፍሮይድ ያለመው ትምህርት ቤት የሥልጣኔ ታሪክ፣ አፈ ታሪክ፣ የሃይማኖት ሥነ ልቦናና ሥነ ጽሑፍ ጭምር የሚሰጥበት ነበር። የራይክ ክስም ፍርድ ቤት ሳይዘልቅ ተቋረጠ።

የሥልጠናው መልክ ግን በዚያን ጊዜ በርሊን ውስጥ ተሠርቶ አልቋል። ማክስ አይቲንጎንና ባልደረቦቹ በ1920 አንድ ክሊኒክ ከፈቱ፤ አቅም የሌለው ሰው በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይታከምበታል። እዚያው የሚሠለጥኑት ሰዎች ሦስት ነገር ይጠበቅባቸው ነበር፦ ንድፈ ሐሳብ መማር፣ በአንጋፋ ባለሙያ ክትትል ሰው ማከም፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ራስ ሶፋው ላይ መጋደም። በ1925 የዓለም አቀፉ ማኅበር ጉባኤ ባድ ሆምቡርግ ላይ ሥልጠናው በዚህ መንገድ እንዲሄድ ተስማማ። እስከ ዛሬም አብዛኛው የሳይኮአናሊስስ ሥልጠና የሚቆመው በእነዚህ ሦስት እግሮች ነው።

ሦስተኛው እግር ለእኔ አዲስ ነበር። በኛ ሙያ ኮድህን ሌላ ሰው ያየዋል፤ አንተን ግን ማንም አያይህም። እዚህ ግን የሥራው መሣሪያ ሰውየው ራሱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። ቁጣውን፣ መወደድ መፈለጉን፣ ከአባቱ ጋር ያልጨረሰውን ጉዳይ ካላወቀ ሁሉንም ታካሚው ላይ ያራግፈዋል።

ችግሩም የሚመጣው እዚሁ ላይ ነው። ገመናህን የምትነግረው ሰው፣ ብቁ ነህ አይደለህም የሚለውን ማኅበር የሚመራ ከሆነ ምን ያህል እውነት ትናገራለህ? ሃንጋሪ ተወልዶ እንግሊዝ የኖረው ማይክል ባሊንት በ1948 ይኼን በግልጽ ጻፈ። ሥልጠናው ጎረምሶችን ወደ ጎሳ ማኅበር ከሚያስገባ ጥንታዊ ሥርዓት ጋር እንደሚመሳሰልና ሠልጣኙን ለአሠልጣኞቹ አጎንባሽ እንደሚያደርግ ነው የተቸው። ሰውን ነጻ ያወጣል የተባለ ሙያ ታዛዥ ባለሙያዎችን ያፈራ ነበር ማለት ነው።

ራይክስ? ናዚዎችን ሸሽቶ በ1938 ኒውዮርክ ገባ። የከተማው ማኅበር ግን ሐኪም ስላልሆነ በሙሉ አባልነት አልተቀበለውም፤ ከቪየና የሸሸው ጥያቄ ባሕር ተሻግሮ ጠበቀው። በ1948 ሐኪም ያልሆኑትንም የሚያሠለጥን የራሱን ማኅበር መሠረተ። የአሜሪካ ዋናው ማኅበር በሩን በሰፊው የከፈተው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሳይኮሎጂስቶች በ1985 ፍርድ ቤት ከከሰሱት ወዲህ ነው።

ትልቁ አመጽ ግን የመጣው ከለንደን ነው። ሮናልድ ላይንግ የግላስጎ ልጅ፣ የአእምሮ ሐኪም፣ በሕጋዊው ተቋም የሠለጠነ አናሊስት ነበር። በ1960 ባሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ፍሮይድን ከሳርትርና ከኪርከጎር ጋር አጣምሮ፣ «አበደ» የምንለው ሰው ንግግር ከእሱ ዓለም ሲታይ ትርጉም እንዳለው ተከራከረ። በ1965 ከጓደኞቹ ጋር የፊላደልፊያ ማኅበርን አቋቋመ። ስሙ በግሪክኛ የወንድማማች ፍቅር ማለት ነው። ምሥራቅ ለንደን የሚገኘውን ኪንግስሊ ሆል ተከራዩ፤ ጋንዲ በ1931 ያረፈበት ቤት ነው። እዚያ ነጭ ጋዋን የለም፣ ሐኪምና በሽተኛ አብረው ይኖራሉ። ሜሪ ባርንስ የምትባል ነርስ በበሽተኝነት ገብታ ሠዓሊ ሆና ወጣች። ቤቱ ግን ከጎረቤት ጋር ሰላም አልነበረውም፤ በ1970 ተዘጋ።

ማኅበሩ ቀጠለ፤ የራሱን ሥልጠናም አደራጀ። ሠልጣኞች ከፍሮይድ ጎን ፈላስፎችን ያነባሉ። ከዋና ሰዎቹ አንዱ የዓይን ሐኪም የነበረው ጆን ሂተን ሲሆን ዊትገንስታይንን ይዞ ሳይኮቴራፒን ሲመረምር ኖሯል። የፍልስፍናው ጥቅም ለሠልጣኙ ተጨማሪ ንድፈ ሐሳብ መስጠት አይደለም። ታካሚው ገና አፉን ሳይከፍት «ይኼማ እንዲህ ነው» የሚለውን ንድፈ ሐሳብ እንዲጠራጠር ማስተማር ነው። ደግሞም ልብ በሉ፦ ተቋም ጠሎቹ ሰዎች እንኳ ያንን አሮጌ መስፈርት አልጣሉትም። መጀመሪያ አንተ ራስህ ትደመጣለህ።

አመጽ ብቻውን እንደማይበቃም የላይንግ ሕይወት ያሳያል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከራሱ ማኅበር ተለየ፤ በ1987 ቅሬታ ቀርቦበት ከሐኪሞች መዝገብ ስሙን ለማውጣት ተገደደ። ጥብቅ ተቋም አጎንባሽ ያፈራል፤ ተቋም የሌለበት ቦታ ደግሞ አንድ ጎበዝ ተናጋሪን የሚቆጣጠረው ያጣል።

ኪንግስሊ ሆል በተከፈተ በዓመቱ፣ በ1966፣ ጆሴፍ ዋይዘንባውም አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ኤሊዛ የተባለ ፕሮግራም አስተዋወቀ። እንደ ቴራፒስት የሰውን ዓረፍተ ነገር ወደ ጥያቄ ገልብጦ ይመልሳል። ጸሐፊው ከፕሮግራሙ ጋር ስታወራ እሱ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ዋይዘንባውም በዚህ ደነገጠ፤ በ1976 ባወጣው መጽሐፍም ኮምፒውተር ቢችል እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ሲል ተሟገተ።

የዛሬዎቹ ቻትቦቶች ከኤሊዛ እጅግ ይበልጣሉ፤ የባልደረቦቼን የሌሊት ጭንቀትም አልንቅም። ቴራፒስት ውድ ነው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ የለም። ግን ቪየና፣ በርሊን፣ ኒውዮርክና ለንደን በሌላው ሁሉ ሲጣሉ የተስማሙበትን ያንን አንድ መስፈርት ማሽኑ አያሟላም። ሌላ ሰው ፊት ሆኖ ማፈር፣ መደበቅ፣ በመጨረሻ መናገር ምን እንደሚመስል አያውቅም። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰው ዘንድ ለመሄድ ከወሰናችሁ የምስክር ወረቀቱን ካያችሁ በኋላ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አንተስ በዚህ ወንበር ተቀምጠህ ታውቃለህ? አሁን የምትሠራውን ሥራ አብሮህ የሚያይ ሰው አለ? በደንብ የሠለጠነ ሰው በጥያቄው አይቀየምም።