የሐኪሙ ዋርድ የመስተዋት ሣጥን

ለምለም ቅጠልንና አበባን ከሜዳ አንሥቶ በማደሪያው ውስጥ ማኖር የሰው ልጅ ጥንታዊ ፈቃዱ ቢሆንም፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በሎንዶን ከተማ ይህ ፈቃድ ከጭንቅ ላይ ወድቆ ነበር፤ በውጭ የድንጋይ ከሰሉ ጢስ፣ በውስጥ የጋዝ መብራቱ ትንፋግ፣ በመስኮት ሥር የተቀመጠውን ተክል ሁሉ ያጠወልጉት ነበርና።

በምሥራቅ ሎንዶን፣ ከመርከቦች ወደብ አጠገብ በዌልክሎዝ አደባባይ ይኖር የነበረው ሐኪም ናታንኤል ባግሾ ዋርድ፣ ፈርን የሚባለውን አበባ የማያወጣ ለምለም ተክል በግቢው ለማብቀል ብዙ ደክሞ፣ ጥቀርሻው እየገደለበት ተስፋ ወደ መቁረጥ ደርሶ ነበር። በ1829 እ.ኤ.አ. ግን፣ የእሳት ራት ከሙሽሬነት ተለውጣ ክንፍ ስታወጣ ለማየት ሽቶ፣ እርጥብ አፈር በሰፊ ጠርሙስ አድርጎ አፉን ከደነው፤ ከአፈሩ የተነሣው እርጥበት በመስተዋቱ ላይ ጠል ሆኖ ሲያርፍ፣ ተመልሶም ወደ መጣበት አፈር ሲወርድ ዕለት ዕለት ሲመለከት ሳለ፣ ያ በግቢው እምቢ ያለው ፈርን ከአንዲት ሣር ጋራ፣ ዘሪ ሳይኖረው፣ በጠርሙሱ ውስጥ በቅሎ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን አፈሩን ደፍቶ ጠርሙሱን ባጠበው ነበር። እርሱ ግን ከማንበቢያ ክፍሉ መስኮት ላይ አኑሮ ወደ አራት ዓመት ያህል በትዕግሥት ጠበቀው፤ ተክሎቹም በዚህ ሁሉ ዘመን ውሃ ሳይጠጡ ኖረው፣ የሞቱት ክዳኑ ዝጎ ዝናብ በገባባቸው ጊዜ ነው። ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ትዕግሥት ነው።

ዋርድም በዚያ ጠርሙስ አምሳል የተከደነ የመስተዋት ሣጥን አሠራ። በ1833 ተክል የሞሉ ሁለት እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በመርከብ ወደ ሲድኒ ተልከው በደኅና ደረሱ፤ በምትካቸው የአውስትራልያ ዕፅዋት ተጭነው፣ የምድር ወገብን ሐሩርና የኬፕ ሆርንን በረዶ አልፈው በ1834 ሎንዶን ሲገቡ ቅጠላቸው እንደ ለመለመ ነበር። ቀድሞ ከቻይና ከሚጫነው ተክል ከሺህ አንዱ ብቻ ይተርፋል ይባል ለነበረበት ዘመን ይህ ዕፁብ ነገር ነው።

ታሪክ ጸሓፊዎች ሣጥኑን የሚያነሡት የዕፅዋት ሰብሳቢው ሮበርት ፎርቹን የሻይ ችግኝ ከቻይና ወደ ህንድ ስላሻገረበት፣ በ1876ም የጎማ ዛፍ ችግኝ ወደ ሴሎን (ወደ ዛሬዋ ስሪ ላንካ) ስለ ተጓዘበት ነው፤ በዚህም የቅኝ ገዥዎች ሀብት እንደ በዛ የታወቀ ነው። ይህን ብቻ ማንሣት ግን የሐኪሙን ልብ መዘንጋት ይመስለኛል። ዋርድ በ1842 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በጠባብ ጎዳና የሚኖሩ ድሆች ክፍላቸውን በእነዚህ ሣጥኖች እንዲያስጌጡ መክሮ፣ ለዚህ የሚሆነው ተክል ከሎንዶን አጠገብ ካሉት ጫካዎች እንደ ልብ እንደሚገኝ ጽፏል። ከጫካ ያለ ዋጋ የማይገኘው መስተዋቱ ነበር፤ በመስተዋት ላይ የተጣለው ከባድ ቀረጥ የተነሣው በ1845 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የፈርን ፍቅር በእንግሊዝ ቤቶች እንደ ወረርሽኝ ሲዛመት፣ ሣጥኑ አስቀድሞ የገባው ከባለጠጎች ሳሎን ነው።